እምቢታውን ማንበብ፦ የፋይል ሥርዓት አልፈጠር ሲል

በአማርኛ የዕለት ተዕለት ንግግር «ፎርማት ማድረግ» የሚለው ሐረግ ሰፊ ትርጉም አለው። ኮምፒውተር ሲዘገይ ፎርማት ይደረግ ይባላል፤ ዊንዶውስ እንደ አዲስ ይጫንበት ለማለት ነው። ስልክ ሲንቀራፈፍ ፎርማት ይደረጋል፤ ፍላሽ ቫይረስ ሲይዘውም ፎርማት ይደረጋል። ሐረጉ በፎቶ ኮፒ ቤትም ሆነ በዩኒቨርሲቲ ቤተ ሙከራ የሚጠራው እንደ መድኃኒት ስም ነው። በሙያው ቋንቋ ግን ድርጊቱ የተወሰነ ነው። በማከማቻ መሣሪያ ላይ አዲስ የፋይል ሥርዓት መፍጠር ማለት የትኛው ፋይል የት እንደሚገኝ የሚጻፍበትን ባዶ መዝገብ መዘርጋት፣ በቦታው የነበረውንም መዝገብ መሻር ማለት ነው። ይህ መድኃኒት የተባለው ነገር ራሱ አልሠራም ሲል ምን ይደረጋል የሚለው ጥያቄ በተመራማሪዎች ዘንድ ተገቢውን ትኩረት ያገኘ አይመስልም።

የተለመደው መልስ ማስገደድ ነው። የሊኑክስ ተጠቃሚ በትእዛዙ ላይ የማስገደጃውን ፊደል ይጨምራል፤ የዊንዶውስ ተጠቃሚ ሌላ የፎርማት ፕሮግራም ያወርዳል፤ ሁለቱም ካልሆኑ መሣሪያው ወደ ሌላ ኮምፒውተር ተወስዶ እዚያ ይሞከራል። ይህ ጽሑፍ የሚሟገተው ለተቃራኒው አቋም ነው። የፋይል ሥርዓት ሲፈጠር የሚወጣ የስህተት መልእክት አብዛኛውን ጊዜ ስለ መሣሪያው ወይም በላዩ ስላለው መረጃ የተነገረ እውነት ነው፤ ተመራማሪ ደግሞ በእጁ የገባን ማስረጃ ሳያነብ የሚጥልበት ምክንያት የለውም። በሚዛን ወይም በስፔክትሮሜትር ላይ የታየ እንግዳ ንባብ ይመረመራል፣ ይመዘገባል፣ አስፈላጊ ሲሆንም በመመረቂያ ጽሑፉ የአሠራር ዘዴ ክፍል ውስጥ ይጠቀሳል። ያው ተመራማሪ የጥናቱን መረጃ በሙሉ የሚያኖርበት ዲስክ «አይሆንም» ሲለው ግን ምክንያቱን ሳይጠይቅ ያልፈዋል።

ከእምቢታዎቹ ሁሉ እጅግ የሚያናድደው፣ እጅግም የሚጠቅመው፣ መሣሪያው በሥራ ላይ ስለሆነ እዚህ የፋይል ሥርዓት አልፈጥርም የሚለው ነው። የኤክስት4 መፍጠሪያ ትእዛዝ ሥራውን ከመጀመሩ በፊት መሣሪያውን ለብቻው እንዲይዝ ከርነሉን ይጠይቃል፤ ከርነሉ ሌላ ያዥ እንዳለው ከመለሰለት ትእዛዙ ይቆማል። ተጠቃሚው በበኩሉ ዲስኩ ማውንት አለመደረጉን አይቶአል፤ በመስኮቱ ላይ የተከፈተ ፋይልም የለም። ስለዚህ መልእክቱ ስህተት ይመስለዋል። ያላስተዋለው ነገር ማውንት ማድረግ አንድን ዲስክ ከሚይዙት መንገዶች አንዱ ብቻ መሆኑን ነው። ዲስኩ ቀድሞ የሶፍትዌር ሬይድ አባል የነበረ ከሆነ፣ ሥርዓቱ ገና ሲሰካ አሻራውን አይቶ ሬይዱን በራሱ ሊገጣጥም ይችላል። የኤልቪኤም አካል ወይም የስዋፕ ቦታ ሊሆን ይችላል። በሁለት ገመድ ከአገልጋይ ኮምፒውተር ጋር የተገናኘ የማከማቻ ክፍል ከሆነም የመልቲፓዝ አገልግሎት ይዞታል።

እዚህ ላይ ጉዳዩ ከቴክኒክ ወደ ባለቤትነት ይሻገራል። በትምህርት ክፍሎች ውስጥ ዲስክ ከእጅ ወደ እጅ ይተላለፋል፤ ከአሮጌ አገልጋይ የወጣው ለአዲስ ተማሪ ይሰጣል፣ ተማሪው ሲመረቅ ለሌላው ያስረክባል። አሻራው ግን አብሮ ይጓዛል። የሊኑክስ ሬይድ መዝገብ በቅጂው ዓይነት በዲስኩ መጀመሪያ አካባቢ ወይም በመጨረሻው ጫፍ ሊቀመጥ ይችላል፤ ዜድኤፍኤስ ደግሞ አራት መለያዎችን ሁለቱን በመጀመሪያው፣ ሁለቱን በመጨረሻው ያኖራል። የመጀመሪያዎቹን ጥቂት ሜጋባይቶች በዜሮ ሞልቶ «ባዶ አድርጌዋለሁ» ያለ ሰው በማግስቱ ያው እምቢታ ሲመለስበት የሚደነቀው ለዚህ ነው። መፍትሔው ማስገደድ ሳይሆን ያዡን ማግኘት ነው፤ ሬይዱን ማየት፣ የማን እንደነበረ መጠየቅ፣ የሚፈልገው ሰው እንደሌለ ሲታወቅ ሬይዱን በሥርዓት አቁሞ አሻራዎቹን ማጥፋት። ለዚህም የዲስክ አሻራዎችን ዘርዝሮ የሚያሳይና ሲታዘዝ ብቻ የሚያጠፋ ዋይፕኤፍኤስ የተባለ መሣሪያ በአብዛኞቹ የሊኑክስ ስርጭቶች ውስጥ ተዘጋጅቶ ይገኛል።

በጋራ አገልጋይ ላይ ደግሞ ጉዳቱ ለሌላ ሰው ይተርፋል። በሊኑክስ ዲስኮች ኤስዲኤ፣ ኤስዲቢ፣ ኤስዲሲ እየተባሉ የሚሰየሙት በተገኙበት ቅደም ተከተል ነው፤ ትናንት ኤስዲቢ የነበረው ኮምፒውተሩ ጠፍቶ ሲነሳ ኤስዲሲ ሊሆን ይችላል። የኤሌክትሪክ ኃይል በሚቆራረጥበት አካባቢ ኮምፒውተር በቀን ውስጥ ጠፍቶ መነሣቱ እንግዳ ነገር አይደለም። ተማሪው ትናንት በማስታወሻው የጻፈውን ትእዛዝ ዛሬ ሲደግመው የሚያነጣጥረው በሌላ ሰው የሁለት ዓመት የአየር ንብረት መረጃ ላይ ሊሆን ይችላል፤ በእርሱና በዚያ መረጃ መካከል የቆመው «መሣሪያው በሥራ ላይ ነው» የሚለው አንድ መስመር ብቻ ነው። የኤክስት4 ትእዛዝ አዘጋጆች ይህን የተገነዘቡ ይመስላል። ማውንት የተደረገ ወይም በሥራ ላይ ያለ መሣሪያን ለማስገደድ ፊደሉ አንድ ጊዜ ቢጻፍ አይበቃም፤ ሁለት ጊዜ መጻፍ አለበት፤ መመሪያውም ድርጊቱን አደገኛ ብሎ በግልጽ ይጠራዋል። እንዲህ ያለ አጥር ተደርጎበት ሳለ ሁለቱን ፊደላት እንደ ደንበኛ የትእዛዙ አካል አድርጎ ለጀማሪዎች ማስተማር ስንፍና እንጂ ቅልጥፍና ሊባል አይችልም። ዲስክ በፊደሉ ሳይሆን በመለያ ቁጥሩ ተለይቶ ይጠራ ዘንድ ሊኑክስ መንገድ አዘጋጅቷል፤ መለያ ቁጥሩም በዲስኩ ጀርባ ላይ ታትሞ ይገኛል።

ሁለተኛው የእምቢታ ዓይነት በላዩ ሌላ የፋይል ሥርዓት አለ የሚለው ነው። የኤክስኤፍኤስ መፍጠሪያ ለምሳሌ የቀድሞ የፋይል ሥርዓት ካገኘ ስሙን ጠቅሶ ይቆማል። ዊንዶውስ ደግሞ በተቃራኒው መንገድ ይሳሳታል፤ የማያውቀውን የፋይል ሥርዓት የያዘ ዲስክ ሲሰካበት «ዲስኩን ለመጠቀም መጀመሪያ ፎርማት ማድረግ ያስፈልጋል» የሚል ጥያቄ ያቀርባል። በውጭ አገር ካለ የዘረመል ቤተ ሙከራ በኤክስት4 የተዘጋጀ ዲስክ ተልኮለት በዊንዶውስ ላፕቶፕ የሰካ ተማሪ የሚያየው ይህንኑ ነው። መልእክቱ «ይህን ማንበብ አልችልም» ከማለት ይልቅ «ይህ ባዶ ነው» የሚል ያህል ይሰማል። ከሁለቱ ቁልፎች አንዱ መረጃውን ያተርፋል፣ ሌላው መዝገቡን ይሽራል። እውነቱን ለመናገር ከተጠቃሚው ይልቅ የሚወቀሰው መልእክቱን የቀረጸው ነው።

ከዚህ ጋር የሚዛመድ፣ ብዙም የማይታወቅ ሌላ ክስተት አለ። በቀድሞው የክፋይ ሠንጠረዥ የሴክተሮች ቁጥር በ32 ቢት ስለሚጻፍ፣ 512 ባይት በሆነ ሴክተር ሊደረስበት የሚችለው ከፍተኛ መጠን 2 ቴራ ባይት ገደማ ነው። ይህን ወሰን ለማለፍ አንዳንድ የውጭ ዲስክ መያዣዎች የዲስኩን ሴክተር 4,096 ባይት አስመስለው ለኮምፒውተሩ ያቀርቡ ነበር። መያዣው ሲበላሽ ባለቤቱ ዲስኩን አውጥቶ በቀጥታ ይሰካዋል። አሁን ሴክተሩ እንደገና 512 ባይት ነው። ሠንጠረዡ «ክፋዩ በሴክተር 256 ይጀምራል» ሲል የነበረው 1,048,576ኛውን ባይት ሲያመለክት፣ ኮምፒውተሩ ግን በ131,072ኛው ባይት ላይ ይፈልገዋል፤ በዚያም ምንም አያገኝም። ዲስኩ ያልተዘጋጀ ነው ይላል፣ ፎርማት ላድርግ ብሎም ይጠይቃል። መረጃው ግን አንድም ቢት ሳይነካ በቦታው አለ፤ ተመሳሳይ መያዣ መፈለግ፣ ወይም በሊኑክስ ሴክተሩን 4,096 ባይት አድርጎ ማንበብ ይበቃል። በተገላቢጦሽም በአሮጌ መያዣ የተሰካ የ3 ቴራ ባይት ዲስክ 746 ጊጋ ባይት ብቻ ሆኖ ሲታይ፣ ዲስኩ ተበላሽቷል ከማለት ይልቅ መያዣው ከ2 ቴራ ባይት በላይ መቁጠር እንደማይችል መጠርጠር ይገባል። በዚህ ሁኔታ የሚፈጠር የፋይል ሥርዓት በተሳሳተ ስፋት ላይ የተዘረጋ ይሆናል።

«ቢጠፋስ በማገገሚያ ሶፍትዌር ይመለሳል» የሚለው መጽናኛ በአሮጌዎቹ ተሽከርካሪ ዲስኮች ላይ በከፊል ያስኬድ ነበር። ፈጣኑ ፎርማት መዝገቡን እንጂ ይዘቱን አይነካምና። በኤስኤስዲ ላይ ግን የኤክስት4፣ የኤክስኤፍኤስና የቢቲአርኤፍኤስ መፍጠሪያዎች በነባሪ ቅንብራቸው «ይህ ሁሉ ቦታ አያስፈልግም» የሚል መልእክት ለመሣሪያው ይልካሉ፤ መሣሪያውም ሕዋሳቱን ነጻ ያደርጋል። ከዚያ በኋላ ብዙውን ጊዜ የሚነበበው ዜሮ ነው። በሰከንዶች ውስጥ የተጠናቀቀ ፎርማት ምንም አልነካም ብሎ የሚተማመን ሰው ይህን ልዩነት ቢያውቅ ይበጀዋል።

ሦስተኛውና ከሁሉ በላይ ለማስገደድ የሚገፋፋው የግብዓትና ውጤት ስህተት ነው። ትእዛዙ ይጀምራል፣ በመሃል ይቆማል፣ በከርነሉ መዝገብ ውስጥ አንድ ሴክተር አልተነበበም ወይም አልተጻፈም የሚል መስመር ይታያል። እዚህ ላይ መድገም የሚሠራበት ጊዜ መኖሩ ነው ነገሩን የሚያባብሰው። ተሽከርካሪ ዲስክ ማንበብ ያቃተውን ሴክተር በእንጥልጥል ዝርዝር ውስጥ ይይዘዋል፤ በላዩ አዲስ መረጃ ሲጻፍ ወይ በቦታው ይጽፈዋል፣ ወይ በተጠባባቂ ሴክተር ይተካዋል። ስለዚህ ሙሉውን ዲስክ በዜሮ የሞላ ሰው ስህተቱ ሲጠፋ ያያል፤ ዲስኩንም የዳነ አድርጎ ይወስደዋል። የጠፋው ግን ምልክቱ ነው፤ የዲስኩ ገጽ መጎዳት ከጀመረ ሊቀጥል ይችላል። ምስክሩ በስማርት መዝገብ ውስጥ ነው፤ የተተኩ ሴክተሮች ቁጥር በ5ኛው፣ በእንጥልጥል ያሉት ቁጥር በ197ኛው መለያ ሥር ይገኛል። ከሙከራው በፊትና በኋላ ሁለቱን ቁጥሮች መጻፍ ሁለት ደቂቃ አይወስድም፤ በየሳምንቱ እያደገ የሚሄድ ቁጥር ደግሞ ለጥናት መረጃ የማይታመን ዲስክ ማለት ነው። በላዩ የሚፈለግ መረጃ ካለ ቅደም ተከተሉ ይገለበጣል፦ በቅድሚያ እንደ ጂኤንዩ ዲዲሬስኪው ባለ መሣሪያ፣ የሚነበበውን አስቀድሞ አስቸጋሪውን ወደ ኋላ እየተወ፣ ሙሉ ምስሉ ወደ ጤናማ ዲስክ ይቀዳል፤ ጥገናው በቅጂው ላይ ይሞከራል። በተጎዳው ዲስክ ላይ ጥገና መሞከር በአንድ ናሙና ላይ ሁሉንም ኬሚካል እንደማፍሰስ ነው።

መጻፍ የተከለከለ ነው የሚለው እምቢታ አጭር ነው፤ ብዙ ማብራሪያም አይሻም። የኤስዲ ካርድ በጎኑ ያለው ትንሽ ተንሸራታች መቆለፊያ ወርዶ ሊሆን ይችላል፤ ይህን የሚያነበው ካርዱ ራሱ ሳይሆን የካርድ ማንበቢያው ስለሆነ፣ በአንዱ ማንበቢያ የተከለከለው በሌላው ሊፈቀድ ይችላል። መቆለፊያው ካልሆነ ግን አንዳንድ የፍላሽ መቆጣጠሪያዎች ተጠባባቂ ሕዋሳታቸው ሲያልቁ ራሳቸውን ለንባብ ብቻ የሚያደርጉ መሆኑን ማሰብ ያስፈልጋል። ይህ የመጨረሻ ውለታቸው ነው፤ ያለው ይነበብና ይቀዳ ዘንድ በር ከፍተው መጻፉን ይዘጋሉ። በዚህ ጊዜ አምስት የፎርማት ፕሮግራም የሚያወርድ ሰው ለመቅዳት የቀረችውን ጊዜ ነው የሚያባክነው።

እስከዚህ የተባለው ሁሉ ስለ እምቢታ ነው። የእሽታው ጉዳይ ከዚህ የከፋ ነው። የፋይል ሥርዓት ያለ ስህተት መፈጠሩ መሣሪያው ጤናማ ለመሆኑ ማረጋገጫ ተደርጎ ይወሰዳል፤ በእርግጥ ግን ፈጠራው የሚነካው ከመሣሪያው እጅግ ጥቂቱን ነው። ኤክስት4 በተለመደው ቅንብር ለእያንዳንዱ 16,384 ባይት አንድ ባለ 256 ባይት የፋይል መዝገብ ይመድባል፤ ይህ ከዲስኩ 1.6 በመቶ ገደማ ነው። ይህንንም ቢሆን በዚያው ሰዓት ሙሉ በሙሉ አይጽፈውም፤ ከርነሉ ዲስኩ ማውንት ከተደረገ በኋላ ከበስተጀርባ ይጨርሰዋል። የቀረው ከ98 በመቶ በላይ ቦታ ሳይነካ «ተጠናቋል» ይባላል።

የሐሰት መጠን ያላቸው ካርዶች የሚያልፉት በዚህ ክፍተት ነው። በላዩ 64 ጊጋ ባይት የተጻፈበት፣ ውስጡ ግን 8 ጊጋ ባይት ብቻ የሆነ ካርድ መጠኑን ለኮምፒውተሩ ሲዋሽ የሚያጋልጠው የለም። ኤክስፋት የመዝገብ ሠንጠረዡን በካርዱ መጀመሪያ አካባቢ ስለሚያኖር ፎርማቱ ይሳካል፤ የመጀመሪያዎቹ ፋይሎችም ይከፈታሉ። ከ8 ጊጋ ባይት በኋላ የሚጻፈው ወይ ይጣላል፣ ወይ ተመልሶ የቀደመውን ይደመስሳል። ኤክስት4 መዝገቡን በመሣሪያው ሙሉ ስፋት ላይ ስለሚበትን ሐሰቱ ገና በፈጠራው ወይም በመጀመሪያው ፍተሻ ሊጋለጥበት ይችላል። አሁን ወደ ተለመደው ልማድ መለስ ማለት ይጠቅማል። ኤክስት4 እምቢ ያለው ሰው ካርዱን ወደ ዊንዶውስ ይወስዳል፤ እዚያ በኤክስፋት ያለ ችግር ፎርማት ይሆንለታል፤ ሊኑክስ ነው ያስቸገረው ብሎ ይደመድማል። ከዚያም ካርዱን በድምፅ መቅጃው ውስጥ አስገብቶ ወደ መስክ ይሄዳል። ከሁለት ወር በኋላ የመጀመሪያዎቹ ቀናት ቃለ መጠይቆች ተከፍተው የቀሩት የማይከፈቱበት ይህ ሰው፣ እውነቱን የነገረውን መሣሪያ ትቶ የዋሸውን አምኗል። ከሞቱ አዛውንት የተቀዳ ትረካ ደግሞ ዳግመኛ ተሄዶ አይቀዳም።

በዚህ አቋም ላይ ሊነሡ የሚችሉ ተቃውሞዎች አሉ። አንዱ እምቢታ ሁሉ ማስረጃ አይደለም የሚለው ነው፤ ትክክልም ነው። የዊንዶውስ የፎርማት መስኮት ለብዙ ዓመታት ከ32 ጊጋ ባይት በላይ በሆነ መሣሪያ ላይ ፋት32 ለመፍጠር ፈቃደኛ አልነበረም፤ የፋይል ሥርዓቱ ግን በተለመደው ሴክተር እስከ 2 ቴራ ባይት ይደርሳል። ይህ የመሣሪያው ሕመም ሳይሆን የፕሮግራሙ ውሳኔ ነው፤ በሌላ ፕሮግራም ቢታለፍ ጉዳት የለውም። ይህን ከሌላው የሚለየው ግን መልእክቱን ማንበቡ ብቻ ነው፤ ስለዚህ ተቃውሞው ሙግቱን ያጠናክረዋል እንጂ አያፈርሰውም።

ሌላው ተቃውሞ ከበድ ይላል፤ ጊዜ ነው። የ64 ጊጋ ባይት ካርድን በሰከንድ 20 ሜጋ ባይት ሙሉ ጽፎ ለመፈተሽ 53 ደቂቃ ገደማ ያስፈልጋል፤ መልሶ ለማንበብም ተጨማሪ ጊዜ አለው። የ2 ቴራ ባይት ዲስክ በሰከንድ 100 ሜጋ ባይት ለመጻፍ ብቻ አምስት ሰዓት ተኩል ይፈጃል። ኮምፒውተር በተራ በሚገኝበት ክፍል ይህ ቀላል ጥያቄ አይደለም። ሆኖም ሥራው ሰው አይፈልግም፤ ማታ ተከፍቶ ጠዋት ይታያል፣ መብራት ቢጠፋም እንደ ገና ይጀመራል። ለካርዶች ኤፍ3 የተባለው ነጻ ሶፍትዌር ቦታውን በሙሉ ጽፎ መልሶ ያነባል፤ ለዲስኮች የኤክስት4 መፍጠሪያ ራሱ ከመፍጠሩ በፊት ገጹን የሚፈትሽበት አማራጭ አለው። በዊንዶውስም «ፈጣን» የሚለውን ምልክት ማንሣት ይበቃል፤ ከቪስታ ጀምሮ ሙሉው ፎርማት መሣሪያውን በሙሉ በዜሮ ይሞላል። ብዙዎች ይህን ምልክት አንሥተው አያውቁም።

የድኅረ ምረቃ ፕሮግራሞች የምርምር ዘዴ ትምህርት ሲሰጡ ስለ ናሙና አወሳሰድና ስለ መጠይቅ አዘገጃጀት ሳምንታት ይመድባሉ፤ መረጃው ከተሰበሰበ በኋላ የሚያርፍበትን ዕቃ ግን እንደ ጠረጴዛና ወንበር ይቆጥሩታል። ቢያንስ አንድ የቤተ ሙከራ ክፍለ ጊዜ፣ ሆን ተብሎ በተዘጋጁ ችግረኛ ዲስኮች ላይ፣ ተማሪው እምቢታውን አንብቦ ምክንያቱን በጽሑፍ እንዲያቀርብ ቢደረግ ወጪው አነስተኛ ነው፤ የተጣሉ ዲስኮች በየመጋዘኑ ሞልተዋል። በጋራ አገልጋዮች ላይ ማስገደጃው ያለ ሁለተኛ ሰው ምስክርነት እንዳይጻፍ መደንገግም ይቻላል። ወደ መስክ የሚወጣ ካርድና ዲስክ ደግሞ እንደ ጂፒኤሱና እንደ ባትሪው በጉዞ ዝርዝሩ ላይ ይፈተሽ፤ መለያ ቁጥሩ፣ ሙሉ ፍተሻው የተደረገበት ቀንና የተገኘው ውጤት በትንሽ ወረቀት ተጽፎ በጀርባው ይለጠፍ። ፍተሻውን ያላለፈውም ተመልሶ መሳቢያ ውስጥ እንዳይገባ፣ በጉልህ ቀለም ምልክት ተደርጎበት ለማስተማሪያው ሣጥን ይሰጥ።